ስም የሌላቸው ባለአክሲዮኖች

ጥቅምት ሲገባ ሸለቆአችን ይሸት ነበር። አሁን አይሸትም።

እዚህ ምዕራብ ካናዳ፣ የስሎካን ወንዝ ዳር ያደገ ሰው ያንን ሽታ በቃል ሊነግራችሁ ቢሞክር አይሆንለትም። የተቀጠቀጠ የጥድ ቅጠል፣ የሎሚ ልጣጭ፣ ከሥሩ ደግሞ እርጥብ ውሻ የመሰለ ነገር ነው። ከየቤቱ ምድር ቤትና ከየጎተራው ስንጥቅ ይወጣና ጉሙ ላይ ተኝቶ ይውላል። ትምህርት ቤት ስንገባ ከሹራባችን ላይ ይነሣ ነበር። መምህራችን ምንም ሳትል መስኮቱን ትከፍታለች፤ የእሷም ሹራብ እንደዚያው ነበር የሚሸተው። «አባትህ ምን ይሠራል?» ስንባል ሁላችንም «እንጨት ሥራ» እንል ነበር። ያ ሁሉ አባት እውነት እንጨት ሲቆርጥ የኖረ ቢሆን ኖሮ በተራሮቻችን ላይ አንድ ዛፍ ባልቀረ።

ካናቢስ ያኔ ወንጀል ነበር። እኛ የሸለቆው ልጆች ከፊደል በፊት የተማርነው የሰው ስም አለመጥራትን ነው። ትልልቆቹ በቅጽል ስም ይኖሩ ነበር። ጎማ የምንለው ሽማግሌ ስሙን ያገኘው የዓመቱን ምርት በሙሉ አሮጌ የመኪና ጎማዎች ውስጥ ደብቆ፣ ጎረቤቱ ደግሞ ቆሻሻ መስሎት ጎማዎቹን ያቃጠለ ጊዜ ነው። በዚያ ቀን የአካባቢው ላሞች እንኳ ሜዳው ላይ ተጋድመው ፈገግ ብለው ዋሉ ይባላል። ኦዴት ብቻ በራሷ ስም ትጠራ ነበር። ከኩቤክ በወጣትነቷ የመጣች ሴት ናት፤ እኛ ልጆቹ በእሷው ቋንቋ «ታንት»፣ አክስት፣ እንላታለን። የአባቷን ስም ግን ማንም አያውቅም። የሚጠይቅም አልነበረም።

ሕጉ ሲለወጥና መንግሥት ፈቃድ መስጠት ሲጀምር እኔ ቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ። እናቴ እንደነገረችኝ፣ በአካባቢው ያሉ አንጋፋ አብቃዮች በተዘጋው የእንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ኩባንያ ለማቋቋም ተሰበሰቡ። ስሙን «አሮጌው ድልድይ» አሉት። እያንዳንዱ ለዓመታት ያቆየውን ተክል ይሰጣል፣ በምትኩ አክሲዮን ይወስዳል። ሁሉም ተስማማ። ከዚያ ከኔልሰን ከተማ የመጣው ጠበቃ መዝገቡን ዘረጋና ስማቸውን ጠየቀ።

ሁሉም ወደ በሩ አየ።

«ስሜን? በገዛ እጄ? ለመንግሥት?» አለ ጎማ። «ምን በወጣኝ።»

ጠበቃው ቢያስረዳ ቢያስረዳ አልሆነለትም። በመጨረሻ ዳሬል ማርኪን እጁን አነሣ። ዳሬል እዚሁ የተወለደ፣ ከእነሱ በዕድሜ የሚያንስ ሰው ነው። ወጣት ሳለ ፖሊሶች መኪናውን ጀልባ መሻገሪያው ላይ አስቁመው ጭነቱን አገኙበት። ጭነቱ የእሱ ብቻ አልነበረም። ስምንት ወር ታሠረ፤ የማንንም ስም ግን አልተነፈሰም። እናም በዚያ ስብሰባ ላይ እየሳቀ «የእኔ ስም እንደሆነ አንዴ ተበላሽቷል፤ በእኔ ላይ ጻፉት» አለ። ሁሉም ተገላገለ። የሁሉም አክሲዮን በዳሬል ስም ተመዘገበ፣ በሁሉም ፈንታ ድምፅ የመስጠት ውክልናም ለእሱ ተሰጠ፣ ሥራ አስኪያጅም ሆነ። ከዚያ ዳቦና አይብ ተበላ።

ይህ ሲሆን ማንም ስህተት ነው አላለም። እኔም ብኖር አልልም ነበር።

ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ የኩባንያው ጸሐፊ ሆንኩ። ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ፣ ፈቃድ አሳድሳለሁ፣ ከተቆጣጣሪዎች ጋር እጻጻፋለሁ። እናቴ እምቡጡ በመቀስ ከቅጠሉ የሚጸዳበት የክርከማ ክፍል ኃላፊ ነበረች፤ አብዛኞቹ ሠራተኞች የባለአክሲዮኖቹ ልጆች ነበሩ። የመጀመሪያው ዓመት ደስ የሚል ነበር። ከዚያ በየአውራጃው ካናቢስ የሚያበቅሉ ትልልቅ የመስተዋት ቤቶች ተከፈቱ፣ ዋጋው ወደቀ፣ ባንኩ መደወል ጀመረ።

በአራተኛው ዓመት መስከረም መጨረሻ ላይ ዳሬል ቢሮው ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ረቂቅ ውል ነበር።

«ለባለአክሲዮኖቹ የጉባኤ ጥሪ አድርስ» አለኝ።

«በምን አድራሻ?»

«በእግርህ» አለና ትንሽ ፈገግ አለ። «ቤታቸውን ታውቀው የለ።»

ውሉን አነበብኩት። የኦንታሪዮ አንድ ትልቅ ኩባንያ «ጓሮ በር» የተባለውን ዝርያችንን ሊገዛ ነው። በሽያጩ ገንዘብ ዕዳችን ይቃለላል፣ ሥራው ይቀጥላል። ነገር ግን ውሉ ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ ኩባንያው የዚያን ዝርያ ሕይወት ያለው ተክል ከገዢው በቀር ለማንም እንዳይሰጥ ይላል፤ ከዚያ ቀን በፊት ስለወጣ ተክል ግን የሚለው የለም።

«ታንት ኦዴትስ?» አልኩት።

«ምን ሆነች?»

«ተክሉ የእሷ ነው እኮ።»

«የኩባንያው ነው» አለ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «አውቃለሁ ሮዋን። አትንገረኝ። ሽያጩ ከቀረ ግን ባንኩ በሩን ያሽጋል፣ ተቆጣጣሪዎቹ መጥተው ያለውን ሁሉ ያቃጥላሉ። ሕጉ እንደዚያ ነው። ከኦንታሪዮና ከእሳት ምረጥ።»

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ ተክሉ ጥቂት ልበል። እኛ ዘር አንዘራም። ከእናት ተክል ላይ ትንሽ ቅርንጫፍ ይቆረጥና ሥር እንዲያወጣ ይደረጋል። ከዚያ የሚበቅለው ልጇ አይደለም፤ ራሷ ናት። ኦዴትና ባሏ ዢል የመጀመሪያዋን ቁራጭ ከባሕሩ ዳር በአውቶቡስ ያመጡት እኔ ከመወለዴ ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልለው፣ ምሳ ዕቃ ውስጥ ከትተው። ጓሮ በራቸው አጠገብ ስለተከሏት ስሟ እንደዚያ ሆነ። እናት ተክሎቹ በሚቆሙበት የኩባንያው እናት ክፍል ውስጥ ያለችው ያችው ነበረች፤ ዢል ምሳ ዕቃ ውስጥ ያስቀመጣት።

በሸለቆው ቁራጭ አይሸጥም ነበር። ይሰጣል። የሰጠህ ሰው ተክሉ በውርጭ ወይም በፖሊስ እጅ ከጠፋበት መጥቶ «ቁራጬን መልስልኝ» ይልሃል፤ አንተም ተጣልታችሁ እንኳ ቢሆን ትመልሳለህ። ብዙ ዝርያ ከብዙ ወረራ የተረፈው በዚህ ነው። ዢል ታሞ ኦዴት ስታስታምመው የራሷን ተክሎች ሁሉ ተወቻቸው፤ ደረቁ። አላሳሰባትም። ወንድሟ ቤት ያስቀመጠችው ዕቃ ይመስል «ዳሬል ዘንድ አለች» ትል ነበር። በሌላ ቤት የቀረች አልነበረችም።

ጥሪውን ይዤ የሄድኩት በክርከማ ሳምንት ነው። ሕጉ ለአንድ ቤት አራት ተክል ስለሚፈቅድ የሁሉንም ሰው ምርት በአንድ ከሰዓት ጨርሶ ማጽዳት ይቻላል። እነሱ ግን እንደ ድሮው በየቀኑ ከቤት ቤት እየተዘዋወሩ ሳምንቱን ሙሉ ያደርጉት ነበር። ተሰባስበው ለመቀመጥ ሌላ ሰበብ አልነበራቸውም። የዚያን ቀን ተራው የኦዴት ነበር፤ የራሷ ምርት ባይኖርም ጠረጴዛዋ ትልቅ ነው።

«ስልክህን» አለችኝ በሩ ላይ፣ ሰላም ሳትለኝ።

«ታንት፣ ነገሩ ሕጋዊ ከሆነ እኮ አራት ዓመት አለፈው።»

«ለአንተ ነው ያለፈው። እዚያ የዳቦ ሣጥን ውስጥ ክተተው።»

ከተትኩት። እጄን ታጥቤ መቀስ ወሰድኩና በጠረጴዛው ዙሪያ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች መሃል ገባሁ። ክርከማ ላይ የመጣ ሰው፣ ጉዳዩ ምንም ይሁን ምን፣ አንድ ቅርንጫፍ ሳያጸዳ አፉን አይከፍትም። እንደዚያ ነው። በሕፃንነቴ ከዚሁ ጠረጴዛ ሥር ከሌሎች ልጆች ጋር ተኝቼ፣ ከላይ መቀሶቹ እንደ ፌንጣ ሲንጫጩ እየሰማሁ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

«ጸሐፊው ዛሬ ከረባት የለውም?» አለ ጎማ።

«እየታጠበ ነው።»

«ቀስ በል አንተ ልጅ። እምቡጡን ላጨኸው እኮ። ዩኒቨርሲቲ ይሄንን ነው የሚያስተምሩት?»

ቅርንጫፌን ጨርሼ ነገርኳቸው። ሽያጩን፣ ምክንያቱን፣ ስለ ሕይወት ያለው ተክል የሚለውን አንቀጽ። የባንኩንም ነገር አልደበቅኩም። ጠረጴዛው ዙሪያ መቀሶች አንድ በአንድ ዝም አሉ። የኦዴት መጨረሻ ላይ ቆመ።

«ለኛ ሳይነግር?» አለ ጎማ።

«ይኸው እየነገርኳችሁ ነው። በጉባኤው ላይ ዳሬል በውክልናው መሠረት በሁላችሁም ፈንታ ድምፅ ይሰጣል። ራሳችሁ መስጠት ከፈለጋችሁ መዝገቡ ላይ ስማችሁን ማስፈር ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ።»

«ምን ዓይነት ስም?»

«ሙሉ ስም። ከነአድራሻው።»

ጎማ ሳቀ፣ ሌሎቹም ሳቁ። «እኔ የራሴን ረስቼዋለሁ። እናቴ ታውቀው ነበር፤ እሷም ሞተች።»

ኦዴት አልሳቀችም። በቁርጥማት የተጣመሙ ጣቶቿን ጭኗ ላይ አድርጋ መስኮቱን ታይ ነበር። ከውጭ የዳሬል ፒካፕ ድምፅ ተሰማ። ሁሉም ያውቀዋል፤ ጭስ ማውጫው ከተበሳ ቆይቷል።

ገባ። ማንም ሳይነግረው ስልኩን ሣጥን ውስጥ ከተተ፣ እጁን ታጠበ፣ መቀስ አነሣ። ትልቁን ቅርንጫፍ መረጠ። ለብዙ ጊዜ በቢሮ ወንበር ላይ ስላየሁት እጁን ረስቼው ነበር። ቅጠሉ ከመቀሱ ሥር በራሱ ፈቃድ የሚወድቅ ይመስላል። ሁሉም ሳይወድ በግዱ ያየው ነበር። አንድም ቃል ሳይናገር ጨረሰና ቅርንጫፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

ያኔ ኦዴት «ዳሬል፣ ቁራጬን መልስልኝ» አለች።

ይህ ቃል እምቢ ተብሎ አያውቅም።

ዳሬል ጣቱ ላይ የተጣበቀውን ሙጫ አሸ። «አልችልም ኦዴት» አለ። «እያንዳንዷ ተክል ቁጥር አላት። ጣሪያው ሙሉ ካሜራ ነው። አንድ ቅርንጫፍ ከጎደለ ፈቃዳችንን ይነጥቁናል።»

«አለቃ ሆነህ ቀረህ» አለ ጎማ። «ድሮ የዱቄት ጆንያ ውስጥ ደብቀህ ተራራ ታሻግር ነበር። ዛሬ ካሜራ ፈራህ።»

«አዎ ፈራሁ። ልጅህ የት ነው የሚሠራው ጎማ? ማድረቂያ ክፍል አይደለም? ፈቃዱ ሲነጠቅ እሱን የት ላድርገው?»

«ታዲያ ሳትጠይቀን ትሸጣለህ?»

«ማንን ልጠይቅ?» ዳሬል ድምፁን አልጨመረም። «መዝገቡን ስገልጠው ያለው የእኔ ስም ብቻ ነው። ባንኩ ሲደውል ማንን ነው የሚጠራው? ተቆጣጣሪው ሲመጣ ማንን ነው የሚፈልገው? ጀልባው ጋ የተያዝኩ ቀን ማንን ነው የጻፉት?»

«ያንን እስከ መቼ ነው የምታነሣብን?»

«ዛሬ ገና ነው ያነሣሁት።»

እውነቱን ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን አንሥቶት አያውቅም።

«መንገድ የለም?» አለች ኦዴት።

«አንድ አለ። ሐኪም ዘንድ ትሄጃለሽ። ለቁርጥማትሽ ይጽፍልሻል። መንግሥት የሕሙማን መዝገብ አለው፤ እዚያ ስምሽ ከገባ ኩባንያው ተክሏን በሕጋዊ መንገድ በፖስታ ይልክልሻል። ግን ወር ይፈጃል። ውሉ ደግሞ የሚፈረመው በጉባኤው ማግሥት ነው።»

«አቆየው።»

«ገዢዎቹ ከሄዱስ?»

ኦዴት ተነሥታ ምድጃው ውስጥ እንጨት ጨመረች። ጀርባዋን እንደሰጠችን «ዢልን ሐኪሙ እዚያ መዝገብ ግባ ብሎት ነበር» አለች። «መድኃኒቱን በነጻነት ታገኛለህ፣ ከሆስፒታልም ይሰጡሃል አለው። እምቢ አለ። አጥንቱ ድረስ እያመመው እምቢ አለ። አርባ ዓመት ያልሰጠሁትን ስም አልጋ ላይ ተኝቼ አልሰጥም ብሎ ነው የሞተው። አሁን እኔ ሄጄ ልጻፍ?»

ዳሬል ስልኩን ከሣጥኑ አውጥቶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ሸለቆው ለሁለት ተከፈለ። ወዳጆች ሱቅ ውስጥ ሲገናኙ ፊታቸውን አዞሩ። እናቴን ምን እንደምታስብ ስጠይቃት «ሁለቱም እውነታቸውን ነው» አለችኝ። «እኔ ግን ሥራዬን እፈልገዋለሁ። ይሄንን ለኦዴት ዓይኗን እያየሁ ልነግራት አልችልም።»

አንድ ከሰዓት የውሃውን ቆጣሪ ላነብ እናት ክፍል ስገባ ዳሬልን ነጭ የሥራ ካፖርቱን ለብሶ ከተክሏ ፊት ቆሞ አገኘሁት። ግንዷ እንደ ሰው እጅ አንጓ ወፍሯል፤ ቅጠሏ ጠባብና ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ነው።

«ለእኔ የሰጠኝ ዢል ነው» አለ ሳይዞር። «ገና ጺም አላወጣሁም ነበር። ጥር ወር ነበር፣ የፒካፔ ማሞቂያ አይሠራም። በውርጭ እንዳትሞትብኝ ካፖርቴ ውስጥ ደረቴ ላይ ይዣት ነው ቤት የደረስኩት። እናቴ ደረቴን ይዤ ስገባ አይታ በጥይት የተመታሁ መስሏት ጮኸች።»

ሳቅን። ሳቁ ቶሎ ጠፋ።

«ወር እንዲቆዩ ብጠይቅ ባንኩ ቦርዱ ውስጥ ያስገባቸው የቫንኩቨር ሰዎች ያባርሩኛል» አለ። «ሥራ አስኪያጅ በገዛ ፈቃዱ ሽያጭ ሲያዘገይ ሌላ ምን ያደርጉታል? ባለአክሲዮኖቹ ካስገደዱኝ ግን ሌላ ነገር ነው።» ቅጠሏን በአንድ ጣቱ ነካ። «ባለአክሲዮን ማለት ደግሞ ስም ያለው ነው፤ ይሄንን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ።»

ያንን ለማንም እንድናገር አልጠየቀኝም፤ እንዳልናገርም አልከለከለኝም። ሄጄ ለኦዴት አንድም ሳልጨምርና ሳልቀንስ ነገርኳት። ምን ማድረግ እንዳለባት ግን አልነገርኳትም። ዢልን እኔ አላስታመምኩትም። ሰምታኝ ስታበቃ «ዝናብ ሳይመጣ እንጨቱን አስገባልኝ» አለችኝ። አስገባሁላትና ወጣሁ።

ጉባኤው የተደረገው በመንደሩ አዳራሽ ነው፤ ሠርግም ቀብርም የሚደረግበት። ሁለቱ የቫንኩቨር የቦርድ አባላት በስክሪን ላይ ነበሩ። ዳሬል ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ከፊት ተቀምጧል። እኔ በር አጠገብ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ መዝገቡን ከፍቼ እጠብቃለሁ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ መጥተዋል፤ ግን ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ፤ ወደ ጠረጴዛው የሚጠጋ የለም። ጎማ እጁን ኪሱ ውስጥ ቀብሮ መዝገቡን እንደሚናከስ ውሻ ያየዋል።

ኦዴት ዘግይታ መጣች። የዢልን የሱፍ ካፖርት ለብሳ ነበር፤ እጅጌው ረዝሞባት አጥፋዋለች። ማንንም ሳታይ ቀጥታ ወደ እኔ መጣች።

«የቱ ጋ ነው?»

አሳየኋት። ብዕሩን በተጣመሙት ጣቶቿ መሃል ለማስገባት ጊዜ ወሰደባት። ልርዳሽ ብላት ደስ አይላትም ብዬ ተውኳት። በትልልቁ፣ የትምህርት ቤት ልጅ በሚጽፈው አጻጻፍ፣ ኦዴት ቱርኮት ብላ ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ፣ አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ «ቱርኮት» አለች። «ስም ታጥቦ የማይለቅ እድፍ አይደለም። ሐኪሙም ዘንድ ሄጃለሁ። እዚያም ጽፌያለሁ።»

ከግድግዳው ሥር ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ጎማ እያጉረመረመ መጣና ብዕሩን ከእጇ ነጠቀ። ጎንበስ ብሎ ሲጽፍ መዝገቡን በሌላው እጁ ከለለው፤ ማንበብ ግን ሥራዬ ነበር።

«ክላረንስ?» አልኩ ሳላስበው።

«አፍህን ዝጋ» አለኝ።

«ክላረንስ» አለ ከኋላው አንድ ሽማግሌ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደሚቀምሰው። ሳቁ ከዚያ ጀመረና አዳራሹን ዞረው። እየሳቁ ተሰለፉ። ሁሉም አይደሉም፤ አንዳንዶቹ ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ፣ ከዚያም ቀን በኋላ ለብዙ ጊዜ አላናገሩንም። የጻፉት ግን ከዳሬል እጅ ወሳኙን ድምፅ ለመውሰድ የሚበቁ ሆኑ።

ኦዴት ሐሳቧን አቀረበች። ሽያጩ ይጽደቅ፤ ውሉ ግን ከአንድ ወር በኋላ ይፈረም።

ጎማ ፊቱ ጠቆረ። «ይጽደቅ? ስሜን ያስጻፍሽኝ ለዚህ ነው?»

«ላስቆመውስ? ከዚያ እሳት ነው። ልጅህም ሥራ ፈት ነው።»

«ዢል ቢሰማሽ ምን ይል ነበር?»

«ይቆጣ ነበር» አለች። «ሞቶ እሱ ተገላገለ። እኔ ነኝ ያለሁት።»

ከስክሪኑ አንደኛው ሰው ገባ። «አንድ ወር ማዘግየት ሽያጩን አደጋ ላይ ይጥላል። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሐሳብ እንደሚቃወም እገምታለሁ።»

ዳሬል ወደ ስክሪኑ ሳይሆን ወደ ኦዴት አየ። «እኔ የምሠራው ለባለአክሲዮኖቹ ነው» አለ። «ይኸው ስማቸው።»

ድምፅ ተሰጠ። ጎማ ሽያጩን ተቃወመ፣ እንደ እሱ ያሉም ነበሩ። የኦዴት ሐሳብ ግን በጠባብ ብልጫ አለፈ። ዳሬል በዚያ ወር ከሲታ ሆነ፤ ስልኩ በጠራ ቁጥር ገዢዎቹ ሐሳባቸውን የቀየሩ እየመሰለው ይነሣ ነበር። ቆዩ። ለምን እንደቆዩ ዛሬም አላውቅም።

ተክሏ የመጣችው በኅዳር መጨረሻ ነው። ፖስታ ቤቱ ከሱቁ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ኦዴትን እኔ ነኝ በመኪና የወሰድኳት። የፖስታ ቤቷ ሴት ረጅሙን ካርቶን ባንኮኒው ላይ አቆመችና ለፊርማ የተለጠፈበትን ጮክ ብላ አነበበች፤ ሙሉ ስም፣ አድራሻ፣ ከነይዘቱ። ወተት ሊገዙ የተሰለፉት ሰዎች ሁሉ ዞሩ። የኦዴት ጆሮ ቀላ። ትከሻዋ ሊሸሽ እንደፈለገ አየሁት። ከዚያ ግን እዚያው ቆማ፣ ካርቶኑን አስከፍታ፣ ቅጠሏን በጣቷ ቀንጥሳ አሸተተች።

«እሷ ናት» አለች።

ውሉ በሳምንቱ ተፈረመ። ሥራው ሁለት ዓመት ቀጠለ። ገዢዎቹ ተክሏን ሌላ፣ ለማስታወቂያ የሚመች ስም ሰጧት፤ ከዚያም ረሷት። ዋጋው እንደገና ሲወድቅ መሰንጠቂያው ለሁለተኛ ጊዜ ተዘጋ። ዳሬል በሩን በራሱ እጅ ቆልፎ ቁልፉን ለባንኩ አስረከበ፤ አሁን ጀልባ መሻገሪያው ላይ ትኬት ይቆርጣል። እናቴ ኔልሰን ውስጥ አንድ ክሊኒክ ወጥ ቤት ትሠራለች። እኔም እዚያው ከተማ አንድ ሒሳብ ቢሮ ገባሁ። ክርከማው በየዓመቱ ሰው እየቀነሰ ሄዶ ቀረ፤ ሰው ከሱቅ መግዛት ይቀለዋል። በጥቅምት ወደ ሸለቆው ስነዳ መስኮቴን ዝቅ አደርጋለሁ። የጥድ ሽታ ብቻ ነው የሚገባው።

ኦዴት በመጀመሪያው ፀደይ ላይ ከተክሏ አንድ ቁራጭ ሰጥታኝ ነበር። ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ኔልሰን ባለው አፓርታማዬ መስኮት ላይ አቆየኋት፣ ስታረጅም ከራሷ እየቆረጥኩ አሳደስኳት።

ባለፈው ጥር፣ ብርዱ በጠናበት ሰሞን፣ ቢሮ ሳለሁ ስልኬ ጠራ። ቁጥሩን አላወቅኩትም።

«ሮዋን? ኦዴት ቱርኮት ነኝ።»

ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ። በሕይወቴ ሙሉ በስልክ አናግራኝ አታውቅም። ከኋላዋ የጎማ ሳል ይሰማል።

«ምድጃው ጠፍቶ አደረ» አለች። «ተክሌ በውርጭ ሄደች። ቁራጬን መልስልኝ።»

«በስልክ ነው የምትነግሪኝ ታንት?»

«ክላረንስ ነው ያስደወለኝ» አለች። «መንገዱ በረዶ ነው፤ ቀስ ብለህ ንዳ።»

አለቃዬን አስፈቅጄ ቤት ሄድኩ። ጥሩውን ቅርንጫፍ መርጬ ቆረጥኩ፣ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቀለልኩት። የመኪናዬ ማሞቂያ ደህና ይሠራል። ቢሆንም ካፖርቴን ከፍቼ ደረቴ ላይ አደረግኳትና ቆልፌ ተነሣሁ።